ይድረስ ለአባዬ፦ ስለ አርኖል ቤትና ስለ ሳልህ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ በቁመት እኔን ሊደርስ ነው፤ ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታስቃለች። ሳሉ እንዳልተወህ እህቴ ነግራኛለች። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እዚህ ስኮትላንድ፣ ሉዊስ በሚባል ደሴት ላይ አርኖል የምትባል መንደር አለች። ዛፍ የለ፣ ነፋሱ አይጣል፤ ብታያት መንዝ ነው ትላለህ። እዚያ «ጥቁር ቤት» ከሚሏቸው ቤቶች አንዱ፣ ቁጥር 42፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ሰው ኖሮበታል። አሁን መንግሥት ይጠብቀዋል። ሰውም ከብትም በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር የሚያድረው።

ግድግዳው ሁለት የድንጋይ ካብ ነው፤ ኖራም ጭቃም የለውም፤ በመሀሉ አፈር ተጠቅጥቆበታል። ጣሪያው የሚያርፈው በውስጠኛው ካብ ላይ ስለሆነና ክፈፉ ወደ ውጭ ስለማይወጣ ነፋስ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ዝናቡ ከጣሪያው ወርዶ ካቡ መሀል ያለው አፈር ውስጥ ይሰርጋል፤ ያ አፈር ሲርስ ደግሞ በድንጋዩ ክፍተት የሚገባውን ነፋስ ይደፍናል። የሠራው ሰው ያውቅበታል። በወራጁ ላይ ሣር ከነሥሩ እንደ ቆዳ ተገፎ ይነጠፋል፣ በላዩ ገለባ፣ ከዚያ ገመድ ወይም አሮጌ የዓሣ መረብ፤ በጫፉ ድንጋይ ይንጠለጠልበታል። ገለባው የእኛን የክዳን ሣር፣ የጓሳን ያህል ዕድሜ የለውም። ጥላሸት ሲጠግብ አውርደው ማሳ ላይ ይበትኑታል፤ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ጭስ ማውጫ የለውም። ምድጃው ወለሉ መሀል ነው፤ የሚነደው ፒት የሚሉት፣ ረግረግ ውስጥ ታምቆ የኖረ ጥቁር አፈር ነው። በእነሱ ፀደይ በጡብ መልክ ይቆርጡትና ሜዳ ላይ ያሰጡታል። ላዩ ጠንከር ሲል አራት አምስቱን አቁመው ያደጋግፉታል፣ ነፋስ እንዲገባው። እርጥቡን ከከመሩት ይጨሳል እንጂ አይነድም። እሳቱ ማታ ተዳፍኖ ያድራል። ጭሱ ገለባውን ያደርቃል፣ ተባይ ያባርራል፤ እሳት ካልነደደበት ጣሪያው ይበሰብሳል። «ጭስ ቤት ያቆያል» የምትለው እውነትህን ነው። ደረትህ ግን ሣር ክዳን አይደለም፣ አባዬ።

የአርኖል ሰዎችም ጭስ ማውጫና መስኮት ያለው ቤት እየሠሩ ወጡ። ቁጥር 39 እዚያው ፊት ለፊት ነው። ሁለቱም ለጎብኚ ተብለው የተጠበቁ ናቸው።

የእማማን ቤት ግን አፍርሰህ ድንጋዩን ለአጥር አዋልከው። ሳትነግረኝ። በስልክ ላነሳው እልና ሳልህ ሲነሳ እተወዋለሁ። ቆርቆሮ ቤት መሥራትህ ደግ ነው፤ ያም ቢቆም ማንን ይጎዳ ነበር? ለልጆቼ የማሳያቸው እሱን ነበር። ቢያንስ የማዕዘን ድንጋዮቹን እንዳትሸጥብኝ።

አልጋህን ከሚጨስበት ቤት ዛሬውኑ ወደ ቆርቆሮው ቤት አስወጣው። እንጀራው ውጭ ማድ ቤት ይጋገር። ደግሞ ደብረ ብርሃን ሄደህ ደረትህን ራጅ ተነሣ፤ አክታ ሲጠይቁህ የጠዋቱን፣ ከጥልቅ አስለህ ስጣቸው፣ ምራቅ አይሆንም። ደም አለበት ወይ ብዬ እህቴን ብጠይቃት ዝም አለችኝ። አንተው ንገረኝ።

ለመኪናና ለምርመራ የሚሆን ገንዘብ በእሷ ስም ልኬያለሁ። በግ እንዳትገዛበት።

ልጅህ