መስኮት ላይ ስለሚለጠፍ ፕላስተር ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

“ፍንዳታ ቢመጣ እንዳይሰበር መስኮቱን በፕላስተር ለጥፉልን” የምትሉን በርክታችኋል። ለዚህ ሥራ ሂሳብ አንቀበልም፤ ምክንያቱን እነሆ።

ፕላስተር መስታወትን ከመሰበር አያድንም። ቢበዛ ጥቂት ስባሪ አያይዞ ያስቀራል። በኤክስ ቅርጽ ሁለት መስመር ብቻ ከተለጠፈ በመካከል ያለው ሰፊ ክፍል እንዳለ ይበተናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቤቶች መስኮት በወረቀት ጥብጣብ ተዥጎርጉሮ የሚታየው ፎቶ ነው ብዙ ሰው ያሳሳተው።

የሚሻለው ግልጽ የሴፍቲ ፊልም (መስታወት ላይ የሚለጠፍ ጠንካራ ስስ ፕላስቲክ) ነው፤ ውፍረቱ 100 ማይክሮን (0.1 ሚሊ) ወይም ከዚያ በላይ። ለፀሐይ ተብሎ የሚለጠፈው ቲንት አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ነውና አታምታቱት፤ ጥቁረቱ ጥንካሬ አይደለም። ፊልሙ የሚለጠፈው በውስጥ በኩል ነው። መስታወቱ በምላጭ ይፋቃል፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና የገባበት ውሃ ይረጫል፣ ፊልሙ ተዘርግቶ ውሃው በጎማ መጥረጊያ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይገፋል። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች አረፋ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ የምንመጣው በጠዋት ነው፤ መስኮትና በር ዘግታችሁ ጠብቁን። ቀትር ላይ ደግሞ ውሃው ሳይገፋ ይደርቃል። ከተለጠፈ በኋላ እስከ አንድ ወር ነጣ ያለ ጭጋግ ቢታይበት አትደንግጡ፤ እስከዚያም አትጠቡት።

ፊልም ስባሪውን ያያይዛል እንጂ ፍሬሙ ላይ አያስረውም። በኤልቲዜድ (በኤል፣ ቲ እና ዜድ ቅርጽ ብረት የተሠራ) መስኮት ላይ ስቱኮው፣ ማለትም መስታወቱን ከፍሬሙ ጋር የሚይዘው ሊጥ መሰል ማጣበቂያ፣ ደርቆ ከተሰነጠቀ መስታወቱ በአንድ ላይ ተነቅሎ ሰው ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ ስቱኮው ይታደስ፤ ከዚያ የፊልሙ ጠርዝ ከፍሬሙ ጋር በሲሊኮን ይያያዝ። አዲስ ለምታሠሩ ላሚኔትድ 6.38 ሚሊ እንመክራለን፦ ሁለት ባለ 3 ሚሊ መስታወት፣ በመካከላቸው 0.38 ሚሊ ፕላስቲክ። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ መስታወት) ተሰብሮ ደቃቅ ይሆናል እንጂ አይያያዝም፤ ከተሠራ በኋላም አይቆረጥምና ልኩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

በጀቱ ለሁሉም ካልበቃ ከአልጋ ራስጌና ከልጆች ክፍል ጀምሩ። አልጋን ከመስኮት ሥር ማንሳት ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ከሁሉ የከፋው መስኮት ላይ ቆሞ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 በካናዳዋ ሃሊፋክስ ወደብ ፈንጂ የጫነች መርከብ ስትቃጠል ሕዝቡ ከመስኮት ሆኖ ይመለከት ነበር፤ ስትፈነዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዓይናቸው በመስታወት ተጎዳ። ብልጭታው ወዲያው ይታያል፤ ግፊቱ ግን 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብልጭታ ካያችሁ ስልክ አታውጡ፤ ከመስኮቱ ራቁ፣ ግድግዳ ተከልላችሁ በደረታችሁ ተኙ፣ ዓይናችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ።

የመስኮታችሁን ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር፣ ፍሬሙ ብረት ወይም አልሙኒየም መሆኑን ጽፋችሁ ላኩልን፤ ስቱኮውንም በጥፍራችሁ ሞክሩት፤ ከተፈረፈረ ጨምራችሁ ጻፉልን።

ከሰላምታ ጋር
የመስታወትና አልሙኒየም ሥራ ቤታችሁ፣ አዳማ