ደብዳቤ ለልጄ፦ የጅማን ክረምት የሚችል የዳታ ሬዲዮ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። የላክሽልኝን የሬዲዮ ንድፍ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ደስ ይላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ድካምሽ ዋት ለመጨመር የዋለ ይመስላል። ዳታ የሚያስተላልፍ ሬዲዮ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ዋት አንሶት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከኃይል መግቢያው፣ ከመቀበል ወደ ማስተላለፍ ከሚቀያየርባት ቅጽበት፣ ከሙቀትና ከውሃ ነው። ስለነዚህ ልንገርሽ።

ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ መምረጥሽ ልክ ነው። እዚህ ቡናው የሚበቅለው ከትልልቅ ጥላ ዛፎች ሥር ነው፤ እርጥብ ቅጠል ደግሞ 430 ሜጋኸርዝን ከ144 ይልቅ ይውጠዋል። እንደ ጅሬን ካለ ከፍታ ላይ አንድ ተቀብሎ መላሽ ጣቢያ ቢቆም ከተማውና ዙሪያው ይገናኛል። አዲስ አበባ ግን በቀጥታ መስመር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚህ ባንድ በቀጥታ አትደርሽም። ለእሱ 7 ሜጋኸርዝ ያስፈልግሻል፤ በጠቅላላው 20 ሜትር የሚሆን ዲፖል (መሐሉ ላይ የተከፈለ የሽቦ አንቴና) ከመሬት ከ5 እስከ 8 ሜትር ብቻ ከፍ አድርገሽ ትዘረጊና ቀን ላይ ሞገዱ ሽቅብ ወጥቶ ከአዮኖስፌር (ከላይኛው የአየር ንብርብር) ይመለሳል። ይህን ሁለተኛ ቦርድ አድርጊው። የኃይል ክፍሉ፣ ዳታውን ወደ ሬዲዮ ምልክት የሚለውጠው ሞደምና ሳጥኑ ለሁለቱም አንድ ይሁኑ፤ ሬዲዮው ሁለገብ የሚሆነው እንዲህ ሲከፋፈል ነው።

ሞደሙን በቺፕ አትግዢው፣ በሶፍትዌር ይሠራ። በሴኮንድ 48,000 ናሙና የሚወስድ ኮዴክ (ድምፅን ወደ ቁጥር፣ ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ) እና አንድ ደህና ማይክሮኮንትሮለር ይበቃል። በ1200 ቦድ (እዚህ በሴኮንድ 1200 ቢት ማለት ነው) የ1200 እና የ2200 ኸርዝ ድምፆች ይፈራረቃሉ፤ 9600 ቦድ ደግሞ በቀጥታ ድግግሞሹን ያወዛውዛል። ነገ ሌላ ዓይነት ሞዱሌሽን (ዳታን ሞገድ ላይ የመጫኛ ዘዴ) ቢመጣ ካቻቢቴ ሳታነሺ ሶፍትዌሩን ብቻ ትቀይሪያለሽ። ከኮምፒውተር ጋር በኪስ (KISS) ፕሮቶኮል ይነጋገር፣ አብዛኞቹ የዳታ ሬዲዮ ፕሮግራሞች ያውቁታል።

ንድፍሽ ላይ የጎደለው ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው። ለ9600 ቦድ ምልክቱ ከጥቂት ኸርዝ ጀምሮ እስከ 5 ኪሎኸርዝ ገደማ ሳይዛባ ማለፍ አለበት። አንቺ ምልክቱን የምትሰጪው ለቪሲኦው (ድግግሞሹ በቮልቴጅ ለሚለወጠው ኦስሌተር፣ ማለትም ሞገድ አመንጪ) ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ፒኤልኤሉ (ቪሲኦውን ከማጣቀሻ ኦስሌተር ጋር እያነጻጸረ የሚቆልፈው ሰርኪዩት) ዝቅተኛውን ክፍል እንደ ስሕተት ቆጥሮ መልሶ ያቃናዋል፤ ተመሳሳይ ቢቶች ሲደጋገሙ ምልክቱ ወደ መሐል ይንሸራተትና ተቀባዩ ፓኬቱን (የዳታውን እሽግ) ይጥለዋል። መፍትሔው ቪሲኦውንም ማጣቀሻውን ኦስሌተርም አንድ ላይ ማወዛወዝ ነው። ሙቀቱን የሚያካክስ፣ በቮልቴጅ የሚስተካከል 2.5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 2.5 እጅ ብቻ የሚስት) ኦስሌተር ግዢ። በ145 ሜጋኸርዝ ስሕተቱ 360 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የ20 ፒፒኤም ተራ ክሪስታል ግን እስከ 2.9 ኪሎኸርዝ ይስታል፣ ውዝዋዜሽ (ምልክቱ ድግግሞሹን የሚገፋበት መጠን) ራሱ 3 ኪሎኸርዝ ሆኖ ሳለ። በመቀበያው በኩል ድምፁን ከዲስክሪሚኔተሩ (የድግግሞሽ ለውጥን ወደ ድምፅ ከሚመልሰው ክፍል) በቀጥታ ውሰጂ፣ የስፒከሩን መስመር ተዪው። የአይኤፍ (የመካከለኛው ድግግሞሽ) ማጣሪያውም ቢያንስ 15 ኪሎኸርዝ ይስፋ።

አሁን ወደ መቀያየሩ። 256 ባይት መልእክት የያዘ ፓኬት ከነአድራሻው 276 ባይት አካባቢ ነው፣ ማለትም 2,208 ቢት። በ1200 ቦድ 1.84 ሴኮንድ ይፈጃል፣ በ9600 ደግሞ 0.23 ሴኮንድ። ማስተላለፊያሽ ተነሥቶ እስኪረጋ 300 ሚሊሴኮንድ የሚያስጠብቅ ከሆነ ድምሩ 2.14 እና 0.53 ይሆናል፤ ስምንት እጥፍ የተባለው ፍጥነት ወደ አራት እጥፍ ወረደ ማለት ነው። 40 ባይት ብቻ ያለው አጭር ፓኬት ከሆነማ ሁለት እጥፍም አይሞላ። እና 30 ሚሊሴኮንድን ግብ አድርጊ።

እዚያ ለመድረስ የአንቴናውን ሪሌይ (ጥርሱ እየተንቀሳቀሰ የሚያበራና የሚያጠፋ) አውጪና ተንቀሳቃሽ አካል በሌለው በፒን ዳዮድ ተኪው። በየ10 ሴኮንዱ አንድ ፓኬት የሚልክ ጣቢያ በቀን 8,640 ጊዜ፣ በዓመት ከ3 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይቀያየራል፤ ይህ የትንሽ ሪሌይን ጥርስ ሊጨርሰው ይችላል። ለማስተላለፊያውና ለመቀበያውም የየራሳቸው ፒኤልኤል ይኑራቸው። የማስተላለፊያው ቪሲኦ በእጥፉ፣ ከ288 እስከ 292 ሜጋኸርዝ ላይ ይሥራና ለሁለት የሚያካፍለውን ክፍል በመቀበያ ሰዓት ዝጊው። ተቆልፎ ይጠብቃል፣ መቀበያሽንም አያውክም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የአንቴናው ማብሪያ፣ ከ1 ወይም 2 ሚሊሴኮንድ በኋላ የማጉያው የጌት ቮልቴጅ፣ በመጨረሻ ምልክቱ። ስትዘጊ በተቃራኒው።

ማስተላለፊያውን የሚያበራው መስመር ላይ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ አስገቢ። ማይክሮኮንትሮለሩ ሲነሣ እግሮቹ ለጥቂት ጊዜ ባለቤት የላቸውም፤ ሬዚስተሩ ከሌለ ሬዲዮው በራሱ ፈቃድ ያስተላልፋል። ከሶፍትዌሩ ውጪ የሆነ የሰዓት ቆጣሪ ሰርኪዩትም ጨምሪ፤ ስርጭቱ 30 ሴኮንድ ካለፈ ይቁረጠው። ፕሮግራሙ ደርቆ ኮረብታ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያስተላልፍ ሬዲዮ ባትሪውንም ባንዱንም ይጨርሳል።

የኃይል መግቢያው ከ10 እስከ 16 ቮልት ይቀበል። አራት ሴል ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሲሞላ 14.6 ቮልት ነው፣ ወደ 10 ሲወርድ ማቆም ነው። 10 አምፒር ፊውዝ ከባትሪው ጫፍ አጠገብ፣ ለተገለበጠ ሽቦ ፒ ቻናል ሞስፌት፣ ለድንገተኛ ጭማሪ ደግሞ የ18 ቮልት ቲቪኤስ ዳዮድ አድርጊ። ልብ በይ፣ ያ ዳዮድ በደንብ ይዞ የሚያቆመው ወደ 29 ቮልት ሲጠጋ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ሬጉሌተሮች 36 ቮልት የሚችሉ ይሁኑ። የመረጥሽው አርኤ30ኤች1317ኤም ማጉያ ግን ከ17 ቮልት በላይ አይፈቀድለትምና 16 ሲደርስ የሚያቋርጥ ማብሪያ ከፊቱ ይቁም። ሽቦውንም አትናቂው። 3 ሜትር ኬብል ደርሶ መልስ 6 ሜትር ነው፤ በ5 አምፒር 1 ካሬ ሚሊሜትሩ ግማሽ ቮልት ይበላል፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትሩ 0.2 ብቻ።

ባትሪውን እንዲህ አስቢው፦ ሲቀበል 150 ሚሊአምፒር በ24 ሰዓት 3.6 አምፒር-ሰዓት፣ ከቀኑ 5 በመቶውን በ5 አምፒር ሲያስተላልፍ 6። በቀን 10 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በሐምሌ ፀሐይ ሦስት ቀን ልትደበቅ ትችላለች፤ ከ40 አምፒር-ሰዓት በታች አትግዢ። የፀሐይ ቻርጀሩን ከመግዛትሽ በፊት መቀበያ አጠገብ አስቀምጠሽ አዳምጪው፤ ብዙዎቹ ባንዱን በጩኸት ይሞሉታል።

ሙቀቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ማጉያው 25 ዋት ሲያወጣ በ40 በመቶ ብቃት 62.5 ዋት ይጠጣል፣ 37.5ቱ ሙቀት ይሆናል። ፀሐይ ላይ ያለው ሳጥን አካባቢ 45 ዲግሪ ነው ብለሽ፣ ሞጁሉ ከ85 እንዳያልፍ ሂትሲንኩ (ሙቀት አስወጪው ብረት) በዋት ወደ 1 ዲግሪ ያህል ብቻ የሚጨምር መሆን አለበት። የሳልሽው ትንሽ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ የማቀዝቀዝ አቅሙም ይቀንሳል፤ ከሒሳቡ በለጥ ያለውን ውሰጂ። ሂትሲንኩ የሳጥኑ የጀርባ ግድግዳ ሆኖ ክንፎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ማራገቢያ አታስገቢ፣ አቧራና እርጥበት ይዞ ይገባል።

ውሃን በተመለከተ፣ ሳጥኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ብቻውን አያድንም። ቀን ፀሐይ ያሞቀው አየር ዝናብ ሲመታው ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፤ ያኔ ሳጥኑ በጎማው ጠርዝ በኩል እርጥብ አየር ይስባል፣ እርጥበቱም ውስጥ ገብቶ ጠብታ ይሆናል። አየር የሚያሳልፍ ውሃ የማያሳልፍ መተንፈሻ ከሥር ግጠሚ። ኬብሎቹ ሁሉ ከታች ይግቡ፣ ከመግባታቸው በፊትም ወደ ታች ይንጠልጠሉ። ቦርዱን በመከላከያ ቫርኒሽ ቀቢው፣ ኮኔክተሮቹን ግን በናስትሮ ሸፍነሽ። ከባድ ኢንዳክተሮችንና ካፓሲተሮችን በሲሊኮን ከቦርዱ ጋር አጣብቂ፤ በገጠር መንገድ ላይ የመጀመሪያው የሚሰበረው እግራቸው ነው።

አንቴናው ላይ ኤን ኮኔክተር ይሁን፤ ፒኤል-259 ውሃ ያስገባል። 15 ሜትር አርጂ-58 ኬብል ከ25 ዋትሽ ግማሹን ይበላዋል፣ አርጂ-213 ቢሆን 18 ዋት ገደማ ይደርስልሻል። መብረቁን ታውቂዋለሽ፦ ጋዝ ያለው መከላከያ ኬብሉ ሳጥኑ ውስጥ ሳይገባ፣ በአጭርና ወፍራም ሽቦ ከመሬት ዘንግ ጋር ይያያዝ።

ስትሞክሪ በመጀመሪያ የኃይል ምንጩን በ0.5 አምፒር ገድበሽ 3.3 እና 5 ቮልቱን ለኪ። ከዚያ 50 ኦም ዳሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ የሚገባ መሞከሪያ ጭነት) ላይ 10 ደቂቃ ያለማቋረጥ አስተላልፊና ሂትሲንኩን ለኪ። ሰባት ክፍል ያለውን ማጣሪያ አልፎ 288 ሜጋኸርዝ ላይ የሚወጣው ከዋናው 60 ዴሲቤል ካላነሰ አንቴና ላይ አትስቀዪው። በየስርጭቱ ዩኤስቢው ከተቋረጠ የሬዲዮ ሞገድ በኬብሉ እየገባ ነው፤ ኬብሉን ፌራይት ቀለበት ውስጥ ደጋግመሽ አዙሪው።

አየር ላይ ከመውጣትሽ በፊት ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድና በኢቲ የሚጀምር የጥሪ ምልክት ይኑርሽ፤ የፓኬት ሬዲዮው ፕሮቶኮል ኤኤክስ.25 በየፓኬቱ ይጽፈዋል። በአማተር (ለንግድ ባልሆነ የግል ሬዲዮ) ባንድ መልእክትን በምስጢር ቁልፍ መሸፈን አይፈቀድም፣ ያንን አማራጭ ከሶፍትዌሩ አውጪው።

ቦርዱን ሳታዝዢ የፒኤልኤሉን አዲስ ንድፍና የሂትሲንኩን ልኬት ላኪልኝ፤ ሳጥኑን እዚህ በላሜራ ከማስቆረጤ በፊት ብሎኖቹ የሚገቡበትን ቦታ ማወቅ አለብኝ።

እናትሽ
ጅማ