የሚያውቁት ሰዎች ሬዲዮ ላይ ይምጡልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፊቼ ጨምበላላ ሰሞን አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እንቁጣጣሽ ሁሌ መስከረም አንድ ነው። ፊቼ ለምን በየዓመቱ ቀኑ ይቀያየራል?» አለችኝ። ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው ይወስናሉ አልኳት። «እንዴት አድርገው?» ስትለኝ ዝም አልኩ።

ያን ሳምንት ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ተከታተልኩ። በዓሉ ከሚከበርበት ከጉዱማሌ ጭፈራው፣ አለባበሱ፣ የእንግዶች ንግግር ይተላለፋል። ደስ ይላል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ መስፈሩም አሥር ጊዜ ተነገረ። የልጅቷን ጥያቄ የሚመልስ ግን አልሰማሁም።

መልሱን ያገኘሁት አሞራ ገደል ዓሳ ስበላ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ዩኒቨርሲቲ ፎክሎር ያስተምራሉ። ጨዋታ ሲደራ ጥያቄውን አነሳሁባቸው። ክብሪት አስመጡና እንጨቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፏቸው። አራቱን ደረደሩ። «ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ነው» አሉኝ። ሰባት ሳምንት አንድ ወር ይሆናል፣ 28 ቀን። 13 ወር ሲሆን 364 ቀን። የበዓሉን ቀን የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ እያዩ። ቀኑ የሚቀያየረውም ለዚህ ነው። ከዚያ ስለ ቡሪሳሜ አወሩኝ። ያገባች ሴት በዓመት አንዴ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ነበር፤ ጎረቤት ተጠርቶ አብሮ ይበላል። የበዓሉ አመጣጥ ከዚህ ጋር ተያይዞ ይተረካል። ዓሳችን ቀዘቀዘ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

«ዶክተር፣ ይህን ለምን ሬዲዮ ላይ አይናገሩትም?» አልኳቸው። አንዴ ተጋብዘው ሦስት ደቂቃ ተሰጣቸው፤ እሱም መሃል ላይ ዘፈን ገባበት። ደግሞስ ጆርናል ላይ ያወጡት ለማዕረግ ይቆጠርላቸዋል፤ ሬዲዮ ላይ ያወሩትን ማን ይቆጥርላቸዋል? ባልደረቦቻቸውም «ሚዲያ ወደደ» ይሏቸዋል።

ይህ በጣም አሳዘነኝ። ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበሩ። እሳቸው እንኳ አዲስ ትሪቢዩን ጋዜጣ ላይ ታሪክ ይጽፉ ነበር። በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ለጋዜጣ አንባቢ የሚሆን ጽሑፍ ነበር። ክብራቸውን የቀነሰባቸው ሰው አላየሁም።

ፍርሃቱም ይገባኛል። ታሪክና ቋንቋ ስስ ነገር ነው። አንዷ ዓረፍተ ነገር ተቆርጣ ቲክቶክ ላይ ስትወጣ የሚመጣውን እናውቃለን። ነገር ግን የሚያውቁት ዝም ሲሉ የማያውቀው ያወራል። ተማሪዎቼ ክፍል ይዘውት የሚመጡት ደግሞ እሱን ነው።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንድ ዓምድ ለታሪክ፣ ለቋንቋና ለፎክሎር መምህራን ስጡ። ጽሑፋቸውን ከማውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ አሳዩአቸው፤ ርዕሱንም ሳትነግሯቸው አትቀይሩባቸው። ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን ሥራ እንደ ሥራ ይቁጠሩላቸው።

በማግስቱ ክብሪት ይዤ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ወንበራቸውን ትተው ጠረጴዛዬን ከበቡ። ዶክተሩንም ደውዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሬዲዮ ላይ ግማሽ ሰዓት ከተሰጣቸው ለሚቀጥለው ፊቼ ፈቃደኛ ናቸው።

የታሪክ መምህር፣ ከሀዋሳ