«ዋጋ የለውም» ያላችሁት በምን ለክታችሁት ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አልዛይመር፣ ስለዚያ የመርሳት በሽታ፣ ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አይቼዋለሁ። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ በቴሌግራም እየላከ «አየሽው?» ሲለኝ ነው የከረመው። አየሁት፣ አሳምሬ አየሁት። ፎቶው ያምራል። ስለ አዲሱ መርፌም ብዙ ተብሏል። እኔን ያንገበገበኝ መሃል ላይ ጣል ያደረጋችኋት አንዲት መስመር ናት፦ «በሽታው ከከፋ በኋላ መድኃኒት ዋጋ የለውም»።

ማን እንዳለው የለም። በምን እንደተለካም የለም። ዋጋ የለውም፣ አለቀ።

እናቴ ከእኔ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። በሽታዋ ከከፋ ቆይቷል። አንዳንዴ እህቷ ነኝ፣ አንዳንዴ ሠራተኛዋ። ዶኔፔዚል የሚባለውን ክኒን ትወስዳለች፤ ገንዘቡን የሚልከው ውጭ አገር ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ዘገባው በወጣ ማግስት ደወለልኝ። «ጋዜጣው ራሱ አይጠቅምም ብሏል እኮ፤ በከንቱ ለምን እናወጣለን?» አለ። እሱ ምን አለበት፣ የሚያጥባት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ስንት ጊዜ ቁጭ አድርገው ያስረዱንን ነገር በአንድ መስመር አፈረሳችሁት። እጃችሁን ይባርከው! ጸበል ውሰጃት የሚሉኝ ጎረቤቶቼ እንኳ ክኒኑን ጣይው ብለውኝ አያውቁም።

እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገር። ክኒኑ አያድንም። የጠፋውን አይመልስም። ይህን የካደ የለም። የእኛ ቤት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቢቆምስ ምን ይመጣል?

ይህንን እንግሊዞች ፈትሸውታል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታትሟል። በሽታው መካከለኛ ወይም ከባድ ደረጃ የደረሰባቸው 295 ሰዎች ነበሩ፤ በቤታቸው እየኖሩ ዶኔፔዚል ሲወስዱ የቆዩ። ለገሚሱ ክኒኑ ቀጠለ፣ ለገሚሱ ተቋርጦ በምትኩ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጠ። በዓመቱ ሁሉም ወርደው ተገኙ። የቀጠሉት ግን ያን ያህል አልወረዱም። ከ30 በሚታረመው የማስታወስ ፈተና በ1.9 ነጥብ፣ ከ60 በሚታረመው የዕለት ተዕለት ኑሮ መለኪያ ደግሞ በ3 ነጥብ ካቋረጡት ይሻሉ ነበር።

ሦስት ነጥብ ምን አላት የሚል ይኖራል። አጥኚዎቹም በኑሮ መለኪያው ላይ ቁም ነገር ያለው ለውጥ ለማለት ያስቀመጡት ልክ 3.5 ነበር፤ እዚያ አልደረሰም። አልደብቅም። ግን መለኪያው ምን እንደሚጠይቅ አይታችኋል? መብላት፣ መጠጣት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ከወንበር መነሳት። እንዲህ እያለ 20 ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱም እስከ 3 ነጥብ።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣም አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ጉልበት የለውም። እናቴ ተደግፋም ቢሆን ሽንት ቤት ደርሳ ከተመለሰች፣ የዚያን ቀን ሰው ነኝ። አልጋ ላይ ካመለጣት ግን አንሶላው፣ ልብሱ፣ ገላዋ፣ ሁሉም ከታች ተሸክሜ ባወጣሁት ውሃ ነው የሚታጠበው። ስለዚህ ነጥብ ሲባል እኔ የሚታየኝ ጀሪካን ነው። ሊፍት የሚባል ነገር እንደሌለን ልብ በሉልኝ። ዘጋቢያችሁ የሚኖርበት ሰፈር ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይወርድ ይሆናል፤ እንኳን ደስ ያለው።

የዚያው ጥናት ተከታይ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። ክኒኑን ያቋረጡት በመጀመሪያው ዓመት ወደ አረጋውያን መጦሪያ የመግባት ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ልዩነቱ አልታየም። አንድ ዓመት ነው እንግዲህ። ለእንግሊዝ ቤተሰብ አንድ ዓመት ማለት ወጪ ሊሆን ይችላል። እዚህስ ማን ጋ ነው የምትገባው? መቄዶንያ ጧሪ አጥተው ለወደቁ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። እኛ ቤት መጦሪያው እኔ ነኝ።

ይልቅ አሜሪካኖቹን ታዘብኳቸው። ሜማንቲን የሚባለውን ሌላውን የአልዛይመር መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2003 የፈቀዱት ለመካከለኛና ለከባድ ደረጃ ነው። ዶኔፔዚልን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ለከባድ ደረጃ ጨመሩት። ጋዜጣችሁን ቢያነቡ ኖሮ ይተዉት ነበር።

ያ ያሞገሳችሁት መርፌ፣ ሌካኔማብ፣ በሽታው ገና ሲጀምር ለያዛቸው ብቻ ነው የተፈቀደው። ሲጀመር በደም ሥር በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፤ አንጎል ውስጥ እብጠት ወይም መድማት መምጣቱን ለማየት በኤምአርአይ ክትትል ይፈልጋል። ለእናቴ ቢገኝም አይሆናት። ለማንወስደው ግማሽ ገጽ፣ ለምንውጠው አንድ መስመር።

ክኒኑ በፍጹም አይቆምም እያልኩ አይደለም። የልብ ምት ሊቀንስ፣ ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል። ያቅለሸልሻል፣ ያስቀምጣል፣ ያከሳል። ይህ ሲመጣ ወይም መዋጥ ሲያቅት ይቆማል። ግን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ፣ ብዙውን ጊዜም መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነው። ቦታ ከነበራችሁ ይህን ትጽፉልን ነበር። ዳይፈንሃይድራሚን ያለበት የአለርጂና የእንቅልፍ መድኃኒት የዶኔፔዚልን ሥራ እንደሚያፈርስም ትጽፉ ነበር። አንዱ ፋርማሲ «ሌሊት ያስተኛታል» ብሎ ሊሸጥልኝ ሲል፣ የምትወስደውን እንኳ አልጠየቀኝም።

ማረሚያ እፈልጋለሁ። ከውስጥ ገጽ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አይደለም፤ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን። ወንድሜ ከአርእስቱ አልፎ የሚያነበው እናንተ በትልቁ ስትጽፉ ብቻ ነው።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከኮዬ ፈጬ