ደብዳቤ ለልጄ፦ ጸናጽሉ በዝቶብኛል

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በደብዳቤ የመጣሁብህ በስልክ ስነግርህ «እሺ እማዬ» እያልክ ወሬ ስለምትለውጥብኝ ነው።

እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። ብሪስቶል ውስጥ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ በዲጄነትህ ሙዚቃ ስታጫውት አድረህ ጆሮህ እስከ ማክሰኞ ሲጮኽብህ እንደ ሰነበተ፣ ይህም የመጀመሪያው እንዳልሆነ ሰምቻለሁ። እርሷን እንዳትቆጣት፤ አስጨንቄ ያስለፈለፍኳት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ጆሮህን ሳትሸፍን ማጉያ አጠገብ አትቁም።

እውነቱን ለመናገር እርሷ ሳትነግረኝም ጠርጥሬ ነበር። የምታጫውተውን ቀድተህ የምትልክልኝን ቅጂዎች ሳልሰማ የማስቀምጣቸው ይመስልሃል፤ እኔ ግን ሽንኩርት ስከትፍ የማዳምጠው እነርሱን ነው። ጀንግል የምትሉትን፣ ከበሮው ፈጣን ቤዙ ወፍራም የሆነውን የጭፈራ ሙዚቃ የሚሠራውን የእንግሊዛዊውን የጎልዲን «ኢነር ሲቲ ላይፍ» በአምናውም በዘንድሮውም ቅጂ አስገብተኸዋል። በአምናው የዳያን ሻርለማኝ ድምፅ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከበሮው ከሥሯ ይሮጣል፣ እናንተ ሃይሃት የምትሉት ጸናጽል ደግሞ ልኩን ይዞ በስሱ ይሰማል። በዘንድሮው ግን ጸናጽሉ ጆሮ ይበሳል፤ «ስ» ያለበት ቃል በመጣ ቁጥር ድምፁን መቀነስ ግድ ሆነብኝ። ሸክላው በ1994 የወጣው ያው ሸክላ ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)፤ ዘፋኟም ነፍሷን ይማርና በ2015 ዐርፋለች፤ ስለዚህ የተለወጠው የአንተ እጅ ነው። እጅህ ጆሮህን ይከተላል። ቀጭኑ ድምፅ አልሰማህ ሲል ሳታውቀው ቁልፉን ወደ ላይ ታዞረዋለህ። በኃይለኛ ድምፅ የተጎዳ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ መሆኑን እህትህ አስረድታኛለች፤ ወፍራሙ ቤዝ ስለሚቀርህ ደህና የሆንክ ይመስልሃል።

ልጄ፣ ቤዙ ብቻ የቀረለት ሙዚቃ ምን እንደሚመስል እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። አንተ በሆዴ ሳለህ ለንደን፣ ሃክኒ ሰፈር ውስጥ እንኖርበት የነበረውን ፎቅ አባትህ ደጋግሞ አጫውቶሃል፤ ከእኛ በታች ባለው ቤት ልጆች ሌሊት ሙዚቃ ሲያጫውቱ የሚሆነውን ግን እርሱ የሌሊት ሥራ ላይ ስለሚያድር በሚገባ አያውቅም። በዚያ ዘመን ኩል ኤፍ ኤምን የመሰሉ ያለፈቃድ የሚሰራጩ ጣቢያዎች ለንደንን በጀንግል ያጥለቀለቋት እንዲህ ካሉ ረጃጅም ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ነበር፤ አንቴናው ከፍ ባለ መጠን ሞገዱ ርቆ ይደርሳልና። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላኩ ሰዎች መጥተው መሣሪያውን ከጣሪያ ነቅለው ይወስዳሉ፣ ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ ሌላ ተሸክመው በደረጃ ይወጣሉ። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር የገበያ ዕቃዬን የሚያደርስልኝ አንድ ረጅም፣ ትሑት ልጅ ከእነርሱ አንዱ ነበር። በዚያው በ1994 ፓርላማው «ተደጋጋሚ ምት» ያለበትን ሙዚቃ በስም ጠቅሶ የሜዳ ላይ የሌሊት ጭፈራን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ፣ አባትህ ጋዜጣውን አንብቦ «የእኛንም ማኅሌት ይጨምራል ማለት ነው?» ብሎ እስኪያመኝ ድረስ አሳቀኝ።

ከወለሉ በታች ግን ወደ እኔ የሚመጣው ቤዙ ብቻ ነበር። ጸናጽሉን፣ የሴቶቹን ድምፅ፣ ቫዮሊኑን ሁሉ ሲሚንቶው ያስቀረዋል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ አልጋዬን የሚነቀንቅ ጉርምርምታ ነበር። ዕቃዬን የሚያደርስልኝ ልጅ አንድ እሑድ «እማማ፣ ዛሬ ማታ ሆክስተን አደባባይ፣ ብሉ ኖት የሚባለው ጭፈራ ቤት እንሄዳለን፣ ይምጡና በትልቁ ማጉያ ይስሙት» አለኝ። በ1995 መሆኑ ነው፤ ጎልዲና ጓደኞቹ «ሜታልሄድዝ» ብለው የሚያዘጋጇቸው የእሑድ ምሽቶች የሚካሄዱት እዚያ ነበር። እኔ አራስ ነበርኩ፤ ከዚያም በላይ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቢያዩኝ ምን ይላሉ ብዬ ሳቅሁና በሬን ዘጋሁ። ዛሬ ያ ጭፈራ ቤት የለም፣ ልጁም የት እንደ ደረሰ አላውቅም፣ አለመሄዴ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ከቤዙ በላይ ምን እንደነበረ ያወቅሁት አንተ ተማሪ ሳለህ አሮጌውን ሸክላ ገዝተህ ሳሎን ያጫወትከው ቀን ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ግማሹን ብቻ ስሰማ ኖሬአለሁ። እኔ ከሲሚንቶ ጀርባ የነበርኩት በኑሮ ምክንያት ነው። አንተ ግን በገዛ እጅህ ያንን ግድግዳ በራስህ ጆሮ ውስጥ እየገነባህ ነውና ጆሮህን ሳትሸፍን ማጉያ አጠገብ አትቁም።

ደግሞ ጀንግል ያለ ጸናጽል ምንድር ነው? ግማሹ ጀንግል የቆመው ዊንስተንስ የተባሉ አሜሪካውያን በ1969 ባወጡት ሸክላ ውስጥ በሚገኝ ስድስት ሰከንድ ገደማ በሚሆን የከበሮ ምት ላይ እንደሆነ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ከበሮውን የመታው ግሪጎሪ ኮልማን ከዚያ ሁሉ ዘፈን ሳንቲም ሳያገኝ በ2006 በድህነት ሞተ። እነዚያን ሰከንዶች ሕያው የሚያደርጋቸው የትልቁ ጸናጽል መርገብገብ ነው፤ አዲሶቹ ልጆችም ያንኑ ይዘው ነው የመጡት። የኒያ አርካይቭስን «ሳይለንስ ኢዝ ላውድ» በ2024 ስትልክልኝ በዚህ ዕድሜዬ በኩሽና ውስጥ ትከሻዬን አስነቅንቆኛል። የፒንክፓንተረስን «ብሬክ ኢት ኦፍ» ስሰማ ደግሞ ከሥሩ የማውቀው ነገር መጣብኝ፤ የአዳም ኤፍ «ሰርክልስ» መሆኑን ኋላ ነገርከኝ። ለእኔ የድሮዎቹ ይበልጣሉ፤ የዛሬዎቹ ቶሎ ያልቁብኛል፣ ገና ስለምዳቸው ይሄዳሉ። ይህን ብዬህ ስንት ቀን እንዳኮረፍከኝ አልረሳሁም፤ አሁንም አልተውኩትም።

ቤዙ የከበደውን፣ ዳብስቴፕ የምትሉትን ሙዚቃ አንስተህ «ቤዙ በአካል ካልተሰማ ዳብስቴፕ ዳብስቴፕ አይሆንም» እንደምትለኝ አውቃለሁ። የዳብስቴፕ ዲጄው ማላና ጓደኞቹ ከ2005 ጀምሮ ለንደን፣ ብሪክስተን ውስጥ፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሰውን በጨለማ አቁመው ቤዝ ያስመስጡ እንደነበር ነግረኸኛል፤ እኔም አልተቃወምኩም። ነገር ግን ቤዙ በደረትህና በአጥንትህ ይገባል፣ ጆሮህን ብትሸፍነውም አይቀርብህም። ለሙዚቀኞች በጆሮ ልክ የሚሠራው መድፈኛ ቀጭኑንም ወፍራሙንም በተመጣጠነ መንገድ ስለሚቀንስ ጸናጽሉን አያጠፋብህም። የስፖንጁን አትግዛ፤ እርሱ ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ስለሚያፍን አንድ ሌሊት አድርገህ ትጥለዋለህ።

አሁን የምነግርህን በጥሞና አንብብ። የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ በ85 ዴሲቤል ውስጥ ስምንት ሰዓት መቆየት እንደ ወሰን ይቆጠራል፤ ከዚያ በላይ በየሦስት ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ያንሳል፤ 100 ሲደርስ የሚፈቀድልህ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። አንተ ስንት ሰዓት እንደምትቆም ራስህ አስላው። የእንግሊዝ ሕግም ከ2008 ጀምሮ ሙዚቃ የሚጫወትባቸውን ጭፈራ ቤቶች ስለሚመለከት፣ ድምፁ 85 ከደረሰ የሚያሠራህ ቤት መከላከያ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ጠይቅ፣ አትፈር። ከጎንህ የምታቆመውን ማጉያ ቀንሰው። በየመካከሉ ወጥተህ ጆሮህን አሳርፍ። አንደኛው ጆሮህ በድንገት መስማት ቢቀንስ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ «ነገ ይሻለኛል» የምትለውን የአባትህን ጠባይ አልፈልግም። በውስጥ ጆሮ ያሉት ረቂቅ ፀጉሮች አንዴ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም።

የመድፈኛውን ገንዘብ ዛሬ በባንክ ልኬልሃለሁ። ሸክላ እንዳትገዛበት፤ አውቅሃለሁ። ያ ሳጥንህ አሁንም ከአልጋዬ ሥር አለ፤ ሸክላዎቹን ከማሞቂያው አርቄ እንዳልከኝ በቁም ደርድሬያቸዋለሁ፣ ነገር ግን ቤቱ ጠባብ ነውና ፋሲካ ሳያልፍ መጥተህ ውሰዳቸው። ሽሮውንና በርበሬውን በእህትህ እጅ እልካለሁ፤ በርበሬው አዲስ ስለሆነ ጥቂት ጨምር።

የጆሮ ምርመራውን በዚህ ሳምንት ቀጠሮ አስይዝ። ውጤቱን ለእህትህ ሳይሆን ለእኔ ላክልኝ፤ በወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር እርሷ ታነብልኛለች፣ አንተ ግን ደብቀህ የመረጥከውን ብቻ ትነግረኛለህ። እስከዚያ ድረስ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ሰርዝ። ካልሰረዝክም እናትህን ካከበርካት ጆሮህን ሳትሸፍን ማጉያ አጠገብ አትቁም፤ ቅጂውንም ላክልኝ፣ ጸናጽሉን አዳምጬ ሸፍነህ ወይም ሳትሸፍን እንደሆነ አውቃለሁ።

የምትወድህ እናትህ