ፍትሐቷን ቆማ ሰማች

ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የላክሽው መድኃኒትም ደርሶኛል።

ባለፈው እሑድ በስልክ «አባዬ፣ ስጸልይ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን የማወራ ይመስለኛል» ስትዪኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። ውሸቴን ነው። የምለው ጠፍቶኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ በወረቀት ይሻላል አልኩ።

እናትሽ ስትቀበር አንቺ ዱባይ ነበርሽ። ያላየሽውን ልንገርሽ። ረቡዕ ሌሊት አረፈች፤ ሐሙስ ቀበርናት። ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ፍትሐት፣ ለሞተ ሰው የሚደረገው የሥርየት ጸሎት፣ የለም። መስቀል መሳለም የለም፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» የለም። ሥርዓቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በራስ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። ስንት ዘመን አብራኝ የኖረችን ሴት እንዴት ያለ ፍትሐት አፈር ላልብሳት? በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ካህኑ ላይ ጮህኩባቸው። እስካሁን ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

እሳቸው አልተቆጡም። የወደቀ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ መለሱልኝና «ፍትሐቷ እኮ እሑድ ተደርጓል» አሉኝ።

ለካ እውነታቸውን ነው። የሆሣዕና ዕለት፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል። ማን እንደሚያርፍ ግን የሚያውቅ የለም። እናትሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የዘንባባ ቀለበቷን አጥልቃ እዚያው ነበረች። የራሷን ፍትሐት ቆማ ሰማች። እንደውም እኔ እግሬ ዝሎ እንሂድ ስላት «ቆይ፣ ጸሎቱ ይለቅ» ብላ ያስቀረችኝ እሷ ናት።

ይሄ ሐዘኑን አቀለለልኝ ብዬ አልዋሽሽም። ግን እኔ የለም ብዬ የጮህኩበት ጸሎት ከአራት ቀን በፊት ተጸልዮ ነበር። እኔም ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ ለማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።

በማግስቱ ስቅለት ነው። ሄድኩ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምድር ጨለመች ይላል ወንጌሉ፤ በእኛው ሰዓት አቆጣጠር ማለት ነው። እኔም በዚያው ሰዓት ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ ምንም አልተሰማኝም። ምንም። «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» ሲባል ብቻ ቀና አልኩ። ይሄ ቃል እኮ ከዳዊት ነው፣ መዝሙር 21። የሰኞ ድርሻ ነው፤ ስንት ሰኞ ደግሜዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አንቺ እንዳልሽው ነበርኩ። ዳዊቱን እደግማለሁ፤ ከከንፈሬ አያልፍም። የሐሙስ ድርሻ ከመዝሙር 81 እስከ 110 ነው፤ እዚያ መሃል 87ኛው አለ። በለቅሶ ከሚጀምሩት ሌሎች መዝሙሮች አብዛኞቹ በምስጋና ወይም በተስፋ ይጨርሳሉ። ይሄኛው በለቅሶ ጀምሮ በለቅሶ ያበቃል። ጸሎቴን ለምን ገፋህ ብሎ ይጠይቃል፤ መልስም ሳያገኝ ያልቃል። ዕድሜዬን ሙሉ በሩጫ አልፌው ኖሬያለሁ። ይህን የሚያህል እሮሮ ከመጽሐፉ አላወጡትም፤ ይልቁንስ በየሳምንቱ ድገሙት ብለው ሰጡን። ታዲያ የአንቺ ምሬት ከጸሎት አይቆጠርም ያለሽ ማነው?

ስድስት ኪሎ ያለውን የማዘር ትሬዛ ቤት ታስታውሻለሽ፣ ከእናትሽ ጋር ሳሙና ይዛችሁ የምትሄዱበትን? ማዘር ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በፈረንጆች 2007፣ ደብዳቤዎቻቸው ታትመው ወጡ። ለአሥርት ዓመታት ጸሎታቸው ባዶ ይሆንባቸው እንደነበር ለንስሐ አባቶቻቸው ጽፈዋል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደሉም፣ አውቃለሁ። ግን ባዶ ሆነብኝ እያሉም የታመመ ማጠባቸውን አልተዉም።

«ሁሉም ለበጎ ነው» የሚልሽ ሰው ይበዛል። እኔ አልልሽም። እናትሽ ለምን እንደሄደች አላውቅም።

የዘንባባ ቀለበቷ ደርቋል፤ ዳዊቷ ውስጥ 87ኛው ላይ ምልክት አድርጌዋለሁ። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስትወጪ ደውዪልኝ። መጸለይ ካቃተሽ ዝም በይ፤ እኔ አነባለሁ። አንቺ ስልኩን ብቻ አትዝጊው። እኔም አልዘጋብሽም።

አባትሽ