ለድሬ ሴት ተጫዋቾች አንድ ሜትር፣ አንድ ስፒከር

ጤና ይስጥልኝ የድሬ ልጆች፣ እዚህ ያላችሁም ውጭ ያላችሁም።

ሳቢያን ባለው ሜዳችን አራት የሴቶች ቡድኖች ይለማመዳሉ፦ እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ እጅ ኳስና ቅርጫት ኳስ። ሁሌ የማያልቅ ክርክር አለ። የእግር ኳሷ ልጅ "90 ደቂቃ እንደኛ ሩጡ እስቲ" ትላለች። የመረብ ኳሷ ደግሞ "እናንተ መጀመሪያ ዝለሉ" ብላ ትመልሳለች። እኛ አሰልጣኞች በዓይን እየገመትን ለሁሉም አንድ ዓይነት ልምምድ እንሰጣለን። ልክ አይደለም።

በመረብ ኳስ የአንድ ቡድን ሜዳ 9 በ9 ሜትር ነው፤ ረጅም ሩጫ የለውም። መረቡ ግን 2.24 ሜትር ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ዝላይ ነው። እጅ ኳስ 40 ሜትር እየተመላለሱ መሮጥም፣ መገፋፋትም፣ መወርወርም አለበት። ቅርጫት ኳስ ድንገት መነሳት፣ ድንገት መቆም ነው። እንዲህ ባሉ ጨዋታዎች የሴቶች የጉልበት ጅማት ከወንዶች ይልቅ በቀላሉ ይጎዳል። ባለፈው አንዲት ልጃችን ከዝላይ ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ድምፁን ዳር ቆሜ ሰማሁት። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ መለካት ጀመርን። ጠዋት 12 ሰዓት፣ የድሬ ፀሐይ ሳይበረታ። ልጅቷ ጣቷን ጠመኔ ትቀባና ግድግዳው አጠገብ ቆማ እጇን ዘርግታ ትነካለች፤ ከዚያ ዘላ ትነካለች። በሁለቱ ምልክቶች መሃል ያለው ዝላይዋ ነው። ለትንፋሽ ደግሞ የ20 ሜትር ምልልስ አለ። በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጀምርና በየደቂቃው ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ፍጥነቱን የሚመራ የተቀዳ ድምፅ አለ፤ እሱ በጮኸ ቁጥር መስመሩ ላይ መድረስ አለባት።

ችግሩ ድምፁን የምናጫውተው በስልክ ነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይዋጣል። ሜትሩንም ከልብስ ሰፊ ነው የተዋስነው፤ 1.5 ሜትር ብቻ ነው። 20 ሜትር ለመድረስ 14 ጊዜ እያነሳን እንጥላለን። ጣት ትንሽ ከሸሸ መስመሩም ይሸሻል። መስመሩ ከሸሸ የዛሬውን ካለፈው ወር፣ የእግር ኳሷን ልጅ ከእጅ ኳሷ ጋር ማወዳደር አንችልም።

የምንፈልገው ይሄው ነው፦ 30 ሜትር የሚለካ ሜትር፣ ድምፁ የሚሰማ ስፒከር፣ አራት የሩጫ ሰዓት፣ 40 ኮን፣ አንድ ሚዛን። ክብደት ለልጅቷ ብቻ ነው የሚነገረው፣ ይሄን ለወላጆች ቃል ገብተናል። ታይዋን ገበያ የምትነግዱ ወንድሞችና እህቶች ዕቃውን በዓይነት ብትሰጡን ደስ ይለናል። ብር የምትሰጡም ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፤ ገንዘቡን የሚይዘው የወላጆች ኮሚቴ ነው፣ የተገዛውም ሜዳው በር ላይ ይለጠፋል።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ሜዳው ላይ ነን። ባዶ እጃችሁንም ኑ፤ ሰዓት የሚይዝልን ሰው ያንሰናል።